«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችሁ በፊት

ሐዋሳ ውስጥ ላፕቶፕ ይዛችሁ የትኛውም ጥገና ቤት ብትገቡ አንድ ቃል መስማታችሁ አይቀርም፤ ፎርማት። ቫይረስ ገባ? ፎርማት። ቀርፋፋ ሆነ? ፎርማት። ድምፅ ጠፋ? እሱም ፎርማት። ላፕቶፑ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ካለማ ገና ስክሪኑን እንዳዩት ፍርዱ ያልቃል። «ይሄማ ሊኑክስ ስለሆነ ነው፤ ዊንዶውስ ልጫንልህና ተገላገል።» የውጭ ሞኒተር አልቀበል ያለው ትንሹ ላፕቶፔም እንዲሁ ተፈረደበት።

አልተስማማሁም። ነገሩ እልህ ብቻ አይደለም፤ ትንሽ እልህም አለበት፣ አልዋሽም። ፎርማት ስታደርጉ ችግሩ የት እንዳለ የሚናገረውን መረጃ አብራችሁ ትጠርጋላችሁ። የተበላሸው ገመድ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስም ተጭኖ የሚጠብቃችሁ ያው ጥቁር ስክሪን ነው። ብሩም ሄደ፣ ቀኑም ሄደ።

ላፕቶፑን ላስተዋውቃችሁ። ስክሪኑ 11.6 ኢንች ነው፤ 1366 በ768። ራሙ 4 ጊጋ። ያገለገለ ነው የገዛሁት። አብሮት የመጣው ዊንዶውስ እስኪነሣ ድረስ ሰው ቁርሱን በልቶ ይጨርሳል፤ ስለዚህ ሊኑክስ ሚንት ጫንኩበት፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን ዓይነት። ለእኔ ሥራ ይበቃል። የምሠራው የሱቆችን ሒሳብ ነው። ሊብረ ኦፊስ ካልክ ከፍቼ የዕቃ ስም፣ የገባ፣ የወጣ፣ የተሸጠበት ዋጋ፣ ቀሪ እያልኩ ስሄድ ግን 11 ኢንች ላይ የዕቃው ስምና ቀሪው አንድ ላይ አይታዩም። ወይ ይህን፣ ወይ ያንን። ማታ ማታ ዓይኔ ይቃጠላል።

አንድ ደንበኛዬ ቢሮ ሲቀይር 19 ኢንች ሞኒተር ተረፈው። «ውሰደው፣ ቦታ ይዞብኛል» አለኝ። ባጃጅ ውስጥ አቅፌው ከፒያሳ አቶቴ ድረስ ኮብልስቶኑ እያንገጫገጨን መጣን። የድሮው ካሬው ዓይነት ነው፤ ትክክለኛ ልኩ 1280 በ1024። ጥሩ ሞኒተር ነው፣ በተለይ ለሒሳብ፤ ቁመት ስላለው ብዙ ረድፍ ያሳያል። ችግሩ ከኋላው ያለው መግቢያ አንድ ብቻ ነው፤ ቪጂኤ። ላፕቶፑ ደግሞ ያለው ኤችዲኤምአይ ብቻ።

ቪጂኤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ያመጣው ነገር ነው። ስዕሉን የሚልከው በአናሎግ፣ ከፍና ዝቅ በሚል ቮልቴጅ ነው። ኤችዲኤምአይ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ላይ የወጣ፣ ዲጂታል ነው። ሁለቱን ገመድ በገመድ ማገናኘት አይቻልም። መሀል ላይ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይር ቺፕ የግድ ነው። ሱቅ ውስጥ ኮንቨርተር የምንለው፣ አውራ ጣት የምታክለዋ ፕላስቲክ ውስጥ ያለው ይሄ ቺፕ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ገዛሁ፣ ሰካሁ። ሞኒተሩ በራ። ደስ ብሎኝ ካልክ ከፈትኩ። ስዕሉ ግን ደብዛዛ ነው፤ ፊደሉ የተለጠጠ። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ 1280 በ1024ን ብፈልግ የለም፤ ከ1024 በ768 በላይ አይሰጠኝም። ይሁን፣ ኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ መሥራት ስጀምር ድርግም። ጠፋ። ነቅዬ ስሰካው መጣ፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጠፋ። ያኔ ነው ኮንቨርተሩን ወደገዛሁበት ሱቅ ሄጄ ያ ፍርድ የተሰጠኝ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለውን በዝርዝር የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚልክልኝ ሰው ስለበዛ ነው። ብዙዎቹ «ሞኒተሬ አይሠራም» ብለው ያቆማሉ። ምን ይላል ስላቸው «ምንም አይልም»። ይላል እንጂ! ሞኒተር ጥቁር ሆኖ ከመተኛቱ በፊት አንድ ጽሑፍ ብልጭ ያደርጋል፤ እሷን አንብቧት። «ቼክ ኬብል» ዓይነት ነገር ካለ፣ ሞኒተሩ ገመድ መኖሩን ራሱ አላየም፤ ወይ በደንብ አልገባም ወይ ገመዱ ሞቷል። «ኖ ሲግናል» ካለ ገመዱ አለ፣ በሱ በኩል የሚመጣ ስዕል ግን የለም። ወይም ሞኒተሩ የሚጠብቀው በሌላኛው መግቢያ ነው፤ ሁለት ሦስት መግቢያ ያለው ሞኒተር ሶርስ የምትለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ትክክለኛውን ካልመረጣችሁለት እስከ ነገ ይጠብቃል። «አውት ኦፍ ሬንጅ» ካለ ደግሞ ደስ ይበላችሁ። ስዕሉ ደርሶታል፣ ልኩ ወይም ፍጥነቱ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነው። ሦስቱ ሦስት የተለያየ ቦታ ላይ ያለ ችግር ናቸው፤ «አይሠራም» በሚል አንድ ቃል ሲጠቀለሉ ነው ሰው ፎርማት የሚያደርገው።

የእኔ «ኖ ሲግናል» ነው የሚለው።

መጀመሪያ ሊኑክሱን ከክሱ ነፃ ማውጣት ወይም ጥፋተኛነቱን ማረጋገጥ ነበረብኝ። ለዚህ ኮንቨርተሩን ከመሀል ማውጣት ያስፈልጋል። ጎረቤቴ እትዬ ፍላት ቲቪ አላቸው፤ ዲሽ ያለበት ቤት ሁሉ ደግሞ ከሪሲቨሩ ጀርባ አንድ የኤችዲኤምአይ ገመድ አለ። ይህን አትርሱ፤ የሙከራ ገመድ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መዞር አያስፈልግም።

«እትዬ፣ ቲቪውን ለጥቂት ደቂቃ ላፕቶፔን ልሰካበት?»

«ድራማዬ ሳይጀምር ከጨረስክ ስካ፤ ካቃጠልከው ግን አንተን ነው የምሰካህ።»

ሰካሁት። ወዲያው መጣ። ጥርት ያለ፣ 1920 በ1080፣ ቢቆይ ቢቆይ የማይጠፋ። እንግዲህ ሊኑክሱም፣ የላፕቶፑ ሶኬትም ደህና ናቸው። የቀረው ተጠርጣሪ ከኮንቨርተሩ እስከ ሞኒተሩ ያለው ነው። ፎርማት ቢደረግ ኖሮ ይህን መቼም አላውቅም ነበር።

በነገራችን ላይ የእትዬ ቲቪ ላይ የስዕሉ ዳርና ዳር ተቆርጦ ነበር፤ ከታች ያለው የሚንት መስመር ግማሹ አይታይም። ይህም ብልሽት አይደለም። ቲቪዎች ከጥንት የስርጭት ዘመን የወረሱት ጠባይ ነው፤ ስዕሉን ትንሽ አጉልተው ዳሩን ይበሉታል። የቲቪው ሴቲንግ ውስጥ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚል ምርጫ ፈልጋችሁ አብሩት። ቀለሙ የነጣ ወይም ጥቁሩ ግራጫ የመሰለ እንደሆነ ደግሞ ላፕቶፑና ቲቪው የቀለሙን ወሰን በተለያየ መንገድ ስለያዙት ነው። አንዱ ከ0 እስከ 255፣ ሌላው ከ16 እስከ 235። እሱም ከሴቲንግ ይስተካከላል።

ወደ ቤት ተመለስኩ። አሁን ሊኑክስን የምወድበት ክፍል መጣ። ሞኒተር ስትሰኩ ስዕል ከመላኩ በፊት ጥያቄና መልስ አለ። ኤችዲኤምአይ ገመድ 19 ፒን አለው። 19ኛው «የሆነ ነገር ተሰክቷል» ብሎ ለላፕቶፑ የሚያሳውቀው ነው። 18ኛው 5 ቮልት ተሸክሞ ይሄዳል። 15ኛውና 16ኛው ላፕቶፑ የሞኒተሩን መታወቂያ የሚያነብባቸው ናቸው። ያ መታወቂያ ኢዲአይዲ ይባላል፤ ቬሳ የሚባለው የስክሪን ደረጃ አውጪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ነው። መሠረቱ 128 ባይት ብቻ። ግን በዚያች ቦታ የአምራቹ መለያ፣ የተሠራበት ዓመት፣ የስክሪኑ ስፋት በሴንቲ ሜትር፣ የሚቀበላቸው የስዕል ልኮች ሁሉ ተጽፈዋል። የመጨረሻዋ ባይት ማመሳከሪያ ናት። 128ቱ ተደምረው ለ256 ሲካፈሉ ቀሪው ዜሮ መምጣት አለበት። ለእኔ ቢጤ የሒሳብ ሰው ይሄ ማታ ካዝና እንደመቁጠር ነው፤ አንድ ሳንቲም ከጎደለች ደብተሩ አይዘጋም።

ሊኑክስ ላይ ይህ ሁሉ በግልጽ ይታያል። ሲስ፣ ከዚያ ክላስ፣ ከዚያ ዲአርኤም የሚሉትን ፎልደሮች ተከትላችሁ ስትገቡ ለእያንዳንዱ የስክሪን መውጫ አንድ ፎልደር ታገኛላችሁ። (ስሞቹንም ትዕዛዞቹንም የምጽፋቸው እንደሚነበቡት ነው፤ ተርሚናል በሚባለው የትዕዛዝ መጻፊያ መስኮት ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።) ውስጡ «ስታተስ» የሚል ፋይል አለ፤ ክፈቱት፣ «ኮኔክትድ» ወይም «ዲስኮኔክትድ» ይላችኋል። «ኢዲአይዲ» የሚል ሌላ ፋይል አለ፤ መታወቂያው ከተነበበ ውስጡ የሆነ ነገር አለ፣ ካልተነበበ ባዶ ነው። «ዲሜሴጅ» የሚለው ትዕዛዝ ደግሞ ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክሱ እምብርት፣ ከተነሣበት ጀምሮ ያየውን ሁሉ ያወራላችኋል፤ «ኢዲአይዲ ቼክሰም ኢንቫሊድ» ዓይነት መስመር ካያችሁ መታወቂያው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ነው የደረሰው። ገመዱን ጠርጥሩ።

የእኔ ስታተስ «ኮኔክትድ» ይላል። የኢዲአይዲው ፋይል ባዶ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተንኮል አለ። አንዳንድ ኮንቨርተር ሞኒተር ኖረም አልኖረም፣ ራሱ ብቻ ከተሰካ «ኮኔክትድ» ያስብላል። የቪጂኤውን ገመድ ከሌላው ጫፍ ነቅዬ አየሁት፤ ስታተሱ ፍንክች አላለም። ስለዚህ «ኮኔክትድ» የሚለው ቃል የሚያረጋግጠው እስከ ኮንቨርተሩ ድረስ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። የቪጂኤ ገመዱን ጫፍ ወደ መብራት አዞርኩት። 15 ፒን በሦስት ረድፍ፣ አምስት አምስት እየሆኑ ነው። የመሀሉ ረድፍ ላይ 9ኛዋ ብትጎድል አትደንግጡ፣ ብዙ ገመድ ላይ ከፋብሪካው ጀምሮ የለችም። መታወቂያው የሚነበበው ግን በታችኛው ረድፍ ባሉት በ12ኛውና በ15ኛው ነው። የእኔ ገመድ 12ኛው ፒን ከሥሩ ተሰብሯል።

ለዚህ ነው 1280 በ1024ን ያጣሁት። ላፕቶፑ መታወቂያ ሳያገኝ ሲቀር ሞኒተሩ ምን እንደሚችል አያውቅም፤ ስለዚህ ከ1024 በ768 በላይ አይደፍርም። ማንኛውም ስክሪን ይቀበለዋል ተብሎ የሚታሰበውን ልክ ብቻ ይሰጣችኋል። ጥንቃቄ ነው፣ ስንፍና አይደለም።

አዲስ ገመድ መግዛት ይቻላል፤ ጤነኛ መፍትሔው እሱ ነው። ሱቅ እስኪከፈት ግን መጠበቅ አልፈለግኩም። ልኩን በእጅ መስጠትም ይቻላልና። «ሲቪቲ» የሚል ትዕዛዝ አለ፤ 1280፣ 1024፣ 60 ብላችሁ ስትሰጡት ቁጥሮች የሞሉበት አንድ ረጅም መስመር ይመልስላችኋል። በሱ ላይ ፒክስሎቹ በሰከንድ የሚላኩበት ፍጥነት አለ፤ ለዚህ ልክ 109 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ያንን መስመር «ኤክስራንድአር» ለሚባለው ትዕዛዝ መጀመሪያ «ኒውሞድ» ብላችሁ፣ ቀጥላችሁ «አድሞድ» ብላችሁ፣ በመጨረሻ «አውትፑት» እና «ሞድ» ብላችሁ ትሰጡታላችሁ። ፊደሎቹ ጥርት ብለው ሲቆሙ የሚሰማችሁን ደስታ ለማንም ማስረዳት አይቻልም። ላፕቶፑ ሲጠፋ ግን ይረሳዋል፤ ቤታችሁ ፎልደር ውስጥ «ኤክስፕሮፋይል» በሚል የተደበቀ ፋይል (ከስሙ ፊት ነጥብ አለ) ትዕዛዞቹን ከጻፋችኋቸው ስትገቡ በራሳቸው ይሠራሉ። ተርሚናል የሚያስጠላችሁ «ኤራንድአር» የሚባል ስክሪኖቹን በማውስ እየጎተታችሁ የምታስተካክሉበት ፕሮግራም አለ፤ ያቀናበራችሁትን ያስቀምጥላችኋል።

ይህ የሚሠራው ኤክስ 11 ላይ፣ ማለትም መስኮቶቹን ስክሪን ላይ በሚያወጣው በቆየው የሊኑክስ ክፍል ላይ፣ ላለ ሰው ነው። የእኔ ኤክስኤፍሲኢ እዚያ ላይ ስለሆነ ቀለለኝ። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ያላችሁ ምናልባት በአዲሱ ምትኩ በዌይላንድ ላይ ናችሁ፤ ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ መነሻው ያደረገው እሱን ነው። ዌይላንድ ላይ ኤክስራንድአር የሚያሳያችሁ ነገር ለድሮ ፕሮግራሞች የተዘጋጀ ምስል ብቻ ነው፤ አዲስ ልክ ልጨምር ብትሉ አይሰማችሁም። እዚያ ላይ መንገዱ ከታች ነው፤ ግራብ የሚባለው ማስነሻ ውስጥ ለከርነሉ «ቪዲዮ» ብላችሁ የመውጫውን ስምና ልኩን ትሰጡታላችሁ። ሰው የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተጻፈ የኤክስራንድአር ትዕዛዝ ቀድቶ ዌይላንድ ላይ እያስገባ «ሊኑክስ አይሠራም» ሲል ስንቴ እንደሰማሁ።

ስዕሉ ጠራ። ጥቂት ቆይቶ ግን ደግሞ ጠፋ።

ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው፤ ችግሩ አንድ ይመስለዋል፣ ሁለት ሆኖ ሳለ። ድብዛዜው የገመዱ ነበር። መጥፋቱ የሌላ ነው። ዲሜሴጅ «ደብልዩ» የምትል ፊደል ከሰረዝ ጋር ስትጨምሩበት አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ወዲያው ያሳያል። ከፍቼ፣ ስታተሱንም ጎን ለጎን እያየሁ ጠበቅኩ። ሞኒተሩ ድርግም ሲል ስታተሱ «ዲስኮኔክትድ» ሆነ፣ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ማንም አልነካውም። ኮንቨርተሯን ስዳብሳት ትኩስ ናት።

ያን ቺፕ አስታወሳችሁት? ቺፑ ለመሥራት መብራት ይፈልጋል። የሚያገኘው ከየት ነው? ከ18ኛው ፒን። የኤችዲኤምአይ ደንብ ላፕቶፑን የሚያስገድደው በዚያ ፒን ቢያንስ 55 ሚሊ አምፔር እንዲሰጥ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚሰጥ ላፕቶፕ አለ፣ ደንቡ ላይ ካለችው ብዙም የማያልፍም አለ፤ ትንንሾቹ ላይ ብዙ መጠበቅ አይገባም። ርካሽ ኮንቨርተር ደግሞ ከዚያ በላይ ሲፈልግ ይገኛል። እስኪሞቅ ይንገታገታል፣ ከዚያ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሣል። የእትዬ ቲቪ እንዲህ ያላደረገው ከግድግዳው የራሱን መብራት ስለሚያገኝ ነው፤ ከላፕቶፑ የሚፈልገው ስዕሉን ነው።

መድኃኒቱ ጎኗ ላይ ትንሽ የዩኤስቢ መግቢያ ያላት ኮንቨርተር ናት። ከስልክ ቻርጀር ወይም ከራሱ ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ተጨማሪ መብራት ትወስዳለች። ፒያሳ ፈልጌ አጣሁ፤ ከአዲስ አበባ አስላኳት። እሷ ከመጣች ወዲህ ሞኒተሩ ከጠዋት እስከ ማታ ይውላል። ከሷ ጋር አዲስ የቪጂኤ ገመድም አስመጣሁ፤ የኢዲአይዲው ፋይል ሞላ፣ 1280 በ1024 ራሱ መጣ፣ በእጅ የጻፍኩትን አወጣሁት።

መቼም ሊኑክስ ምንጊዜም ንፁህ ነው እያልኩ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያለ አንድ ወዳጄ ላፕቶፑ ላይ የትኛውም ሞኒተር፣ በየትኛውም ገመድ እምቢ አለው። ዲአርኤም ፎልደሩን ሳየው የመውጫዎቹ ስም ራሱ የለም። ግራብ ውስጥ ስንገባ «ኖሞድሴት» የሚል ቃል ተጽፎ አገኘን። ይህ ቃል ሊኑክስ ሲጫን ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ለጊዜው የሚደረግ ነገር ነው፤ ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ የግራፊክስ ድራይቨሩን፣ ከሥራ ያስወጣዋል። የጫነለት ሰው ሳያነሣው ሄዷል። ቃሏን አጥፍተን ስናስነሣው ሁሉም ተመለሰ። አዲስ ላፕቶፕ ላይ የቆየ ከርነል ያላችሁ ከሆነም ድራይቨሩ ቺፓችሁን ላያውቀው ይችላል። ይህን ለማወቅ ምንም ሳታጠፉ አዲስ ስሪት ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ከፍላሹ አስነሡት፤ ሞኒተሩ እዚያ ከሠራ ከርነሉን ማሳደግ ነው መፍትሔው። ማውረዱ 3 ጊጋ ገደማ ስለሚሆን የሌሊት ፓኬጅ ጠብቁለት። ኤንቪዲያ የሚባል የግራፊክስ ቺፕ ያላቸው ትልልቅ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ የኤችዲኤምአይ መውጫው የተያያዘው ከኤንቪዲያው ጋር ሆኖ ድራይቨሩ ሳይጫን የሚቀርበት ጊዜ አለ። እሱ የራሱ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ እዚህ አልገባበትም።

ስለ ዩኤስቢ ሲ ግን አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ብር የሚባክንበት ነውና። መግቢያው ቅርጹ ዩኤስቢ ሲ ስለሆነ ስዕል ያወጣል ማለት አይደለም። 24 ፒን አለው፤ ስዕል የሚያወጣው ግን አምራቹ ዲስፕሌይ ፖርት የሚባለውን ሌላ የስዕል መውጫ በዚያ በኩል ካገናኘው ብቻ ነው። ከጎኑ የዲስፕሌይ ፖርት ምልክት ወይም የመብረቅ ምልክት ፈልጉ፣ ወይም የላፕቶፑን ሞዴል ዝርዝር አንብቡ። ካላገናኘው የትኛውም የዩኤስቢ ሲ ኮንቨርተር አይሠራም፣ ሊኑክስም ይሁን ዊንዶውስ። ለዚህ ዓይነቱ ዲስፕሌይ ሊንክ የሚባለው መንገድ አለ። ስዕሉን ፕሮሰሰሩ ጨምቆ እንደ ተራ የዩኤስቢ ዳታ ይልከዋል። ለሱ ግን ራሱን የቻለ ድራይቨር መጫን ያስፈልጋል፤ ሴክዩር ቡት የሚባለው የማስነሻ ጥበቃ በርቶ ከሆነ ድራይቨሩ ካልተፈረመለት ከርነሉ አያስገባውም፣ ደካማ ላፕቶፕም ይደክምበታል። ባጭሩ፣ ዕቃ ልትገዙ ስትሄዱ ላፕቶፑንም ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቅ ውስጥ ሰክታችሁ ጠብቁ። ስዕል መጣ ብላችሁ ወዲያው ብር እንዳትከፍሉ፤ ኮንቨርተሯ ትሙቅ።

ሌላው የመብራት ጉዳይ ነው፣ እሱን መዝለል አልችልም። መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ሞኒተሩ ይነሣል፣ ላፕቶፑ ግን በባትሪ እየሠራ ስለቆየ ሞኒተሩ መመለሱን የማያይበት ጊዜ አለ። ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3 ተጫኑ፣ ጥቁር የጽሑፍ ስክሪን ይመጣል፤ ከዚያ በኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ7 ተመለሱ፣ አንዳንዱ ላይ ኤፍ1 ወይም ኤፍ2 ነው። ስክሪኖቹ ከአዲስ ይቃኛሉ፤ ብዙ ጊዜ በዚህ ይመለሳል፣ የከፈታችሁት ፋይልም አይነካም። እሱም ካልሆነ ሞኒተሩን ከሶኬቱ ነቅላችሁ ትንሽ ቆዩ። ቁልፉን ማጥፋት አይበቃም፤ ውስጡ ያለው ሰሌዳ ስታንድባይ ላይ ሆኖ እንደተደናገረ ይቀራል።

የላፕቶፑን ብረት ስትነኩት የሚነዝራችሁ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሶኬታችሁ ግራውንድ ስለሌለው ነው። የቻርጀሩና የሞኒተሩ ፓወር ሰፕላይ የምታፈሰው ጥቂት መብራት መውረጃ አጥታ ብረቱ ላይ ትቀመጣለች። የኤችዲኤምአይ መግቢያን ልታቃጥል ትችላለች፣ በተለይ ሁለቱም በርተው ሳለ ገመዱን ስትሰኩ። እኔ ቤት መጀመሪያ ገመዱ ይሰካል፣ ከዚያ ነው ዲቫይደሩ የሚበራው። ሲነቀልም በተገላቢጦሽ። የቤት አከራዬን ግራውንድ እንዲያስገቡልኝ ጠይቄያቸዋለሁ፤ «እሺ ልጄ» ብለዋል፣ እሺ ማለታቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ አንድ ቀን ደንበኛ የላከልኝን የድምፅ መልእክት ልሰማ ብል ድምፅ የለም። ቮሉም ሙሉ ነው። ስፒከሩ ተቃጠለ ብዬ ነበር። ለካ ኤችዲኤምአይ ድምፅም ይዞ ስለሚሄድ ሚንት ድምፁን በኤችዲኤምአዩ በኩል ወደ ኮንቨርተሯ ሲልከው ኖሯል፤ ከሷ ወዲያ ያለው ቪጂኤ ደግሞ ድምፅ አይሸከምም። «ፓቩኮንትሮል» የሚባለውን ፕሮግራም ከፍታችሁ «ኮንፊገሬሽን» ከሚለው ሥር ከኤችዲኤምአይ ወደ «አናሎግ ስቴሪዮ» መቀየር ነው። ኮንቨርተራችሁ ጎን ላይ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ካለ ግን ኤችዲኤምአዩ ላይ ተዉት፤ ድምፁ በዚያ በኩል ይወጣል።